ተልባ የጠጣው ኤንትሬ

ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው ሰባታሚት ውስጥ የአካሉን ቤት የጠየቀ ሰው የሚሰጠው ምልክት አንድ ነው፤ «አፍንጫውን ወደ ጣና አዙሮ የቆመ አሮጌ ኤንትሬ ታያለህ፣ ቤቱ እሱ ጋ ነው።» ይህ የጭነት መኪና በዕድሜው ከአካሉ የመጀመሪያ ልጅ ይበልጣል። ሰማያዊ ነበረ፤ አሁን ዝናብና ፀሐይ ተራ በተራ ልሰውት፣ ቀለሙ ምንድን ነው ቢባል መልሱ ይቸግራል። እንዲያ አዙሮ የሚያቆመው ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ራዲያተሩን ፊት ለፊት እንዲያገኘው ነው። «ሞተሩ ጠፍቶ ለቆመ መኪና ነፋስ ምን ያደርግለታል?» ሲሉት፣ «አንተስ ሥራ ፈትተህ ስትቀመጥ ጥላ አትፈልግም?» ይላል።

ሚስቱ ፅጌ ማርያም ይህን መልስ ስትሰማ ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖራለች። አትስቅበትም፤ እነሱንም ያገናኛቸው ይኸው የመኪና ሙቀት ነውና።

ያኔ የአባቷ የመሪጌታ ቤት ከጎርጎራ መግቢያ፣ ከመንገዱ ዳር ነበረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ መኪና እንፋሎቱን እየተፋ መጥቶ ደጃቸው ቆመ። ከጉሙ መሐል አንድ ከሲታ ወጣት ብቅ አለና «እናቴ፣ ውሃ ይስጡኝ» አላት። እሷ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እናቴ መባሏ ቢያስኮርፋትም እንስራዋን አዝላ ወጣች። እሱ ግን ውሃውን ተቀብሎ መሬት አስቀመጠና ከጎማው አጠገብ ቁጭ አለ።

«ውሃ ለምነህ ልታየው ነው እንዴ?» አለችው።

«አሁን ከጨመርሁበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይሰነጠቃል። ከእሳት የወጣ ድንጋይ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ደፍተሽ አታውቂም? ሞተሩም እንደዚያው ነው።»

«ታዲያ ስንት ትቆያለህ?»

«ክዳኑን እጄ እስኪችለው።»

መሪጌታ ከደጃፋቸው ሆነው ይሰሙ ኖሯል። የወጣቱን እጅ አዩት፤ ከአንጓው በላይ የተላጠ የቃጠሎ ጠባሳ አለበት። «እጅህን እየጠበስህ አትለካ» አሉት። «የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገም። ሲያልቅ ክፈተው።»

አካሉ ውዳሴ ማርያም ከመጀመሪያው መስመር አይዘልቅም ነበር። መሪጌታ ደግሞ የማያውቅ ሰው ሲያገኙ ሳያስተምሩ አይለቁም። ስለዚህ እየደገሙ አስደገሙት፤ ሲጨርሱ ሞተሩ እንደ ምንጭ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። በሳምንቱ «የቀረኝን ልማር» ብሎ መጣ። በሌላውም ሳምንት መጣ። መሪጌታ የሚመጣው ለትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ለልጃቸውም መሆኑን ለማየት ሦስት ወር ፈጀባቸው።

አካሉ ከዚያ ወዲህ መኪናውን የሚያቀዘቅዘው በጸሎት ለክቶ ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳን የሚከፈተው ውዳሴ ማርያም ሲያልቅ ነው። ዳገት ወጥቶ የቆመ መኪና ደግሞ ወዲያው አይጠፋም፤ ሞተሩ በቀስታ እየዞረ ሦስት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ይባልና ከዚያ ቁልፉ ይዞራል። «ሞተሩን ድንገት ካጠፋኸው ውሃው መዞሩን ያቆማል፤ ሙቀቱ ግን ውስጥ ነው ያለው። መሄጃ ሲያጣ ይፈላል» ይላል። ሰዓት የሚያዩ ሹፌሮች ይስቁበት ነበር። የሳቁት ብዙዎቹ ቴስታታ አሰንጥቀዋል፤ የአካሉ ግን እስከ ዛሬ አንድ ነው።

መቼም ሁሉ ነገር በጸሎት አይሆንም። አንድ ጊዜ፣ ሕዝቅኤል ገና ሳይወለድ፣ ራዲያተሩ ተበስቶ ሲያንጠባጥብ አካሉ ፅጌ ማርያም ለፋሲካ ካስቀመጠችው እንቁላል ሁለት አንሥቶ ሰብሮ ጨመረበት። እንቁላሉ በፈላው ውሃ ውስጥ ረግቶ ቀዳዳዋን ደፈናት። ፅጌ ማርያም ስለ እንቁላሎቿ ሁለት ቀን አኮረፈች። ነገሩ ግን ከልቧ አልወጣም፤ ኋላ መዘዝ ያመጣውም ይኸው ትዝታ ነው።

ልጃቸው ሕዝቅኤል አድጎ ባሕር ዳር ኮሌጅ ሒሳብ ያስተምራል። ጨዋ ልጅ ነው፤ አባቱን ይወዳል፤ ኤንትሬውን አይወድም። ባለፈው ክረምት አካሉ መንገድ ላይ ተበላሽቶ የቆመ መኪናውን ትቶ አልሄድም ብሎ ሁለት ሌሊት ዝናብ ላይ አድሮ ሳንባ ምች ይዞት ተመልሷል። ሆስፒታል ያስታመመው ሕዝቅኤል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት በመጣ ቁጥር ኤንትሬውን የሚያየው የሰው ከብት የነከሰ ውሻ እንደሚታየው ነው።

ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት የፅጌ ማርያም ታናሽ ወንድም ቄስ መርስዔ ኀዘን ከጎርጎራ በጀልባ መጡ። የአባታቸውን ደብር የሚያገለግሉት አሁን እሳቸው ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አርጅቶ ያፈሳል፤ ምእመናን ቆርቆሮና ሲሚንቶ ገዝተው ባሕር ዳር መጋዘን አስቀምጠዋል። ክረምት ሳይገባ መድረስ አለበት።

«እኔ አደርሰዋለሁ» አለ አካሉ፣ ቄሱ ነገራቸውን ሳይጨርሱ።

ሕዝቅኤል እዚያው ነበረ። «አባዬ፣ ያን ዳገት በዚህ መኪና? ሰማንያ ኩንታል ሲሚንቶ ጭነህ?»

«ዳገቱ ያውቀኛል።»

«አንተን ያውቅሃል። ራዲያተሩን ነው የማያውቀው።»

«ያን ራዲያተር ባለፈው ወር በገዛ እጄ ነው ያጠብሁት። ውስጡን ብታየው ፊትህን ታይበታለህ።»

ክርክሩ ሊከር ሲል ቄሱ ገቡበት። «ልጄ ሕዝቅኤል፣ ምን ቢሆን ደስ ይልሃል?»

ሕዝቅኤል ትንሽ አሰበ። «ጎርጎራ ደርሶ ጭነቱ እስኪራገፍ ድረስ መኪናው አንድ ጊዜ እንኳ ከፈላ፣ አባዬ ቁልፉን ለእኔ ያስረክባል። ከዚያ ወዲያ መሪ አይጨብጥም። ካልፈላ እኔ ሁለተኛ ነገር አላነሣም።»

«ይሁን» አለ አካሉ። ብድግ ብሎ የቄሱን መስቀል ተሳለመ። ነገሩ አለቀ፤ አካሉ በመስቀል ፊት የሰጠውን ቃል እንደማያጥፍ ልጁም ያውቃል፣ ሚስቱም ታውቃለች። ፅጌ ማርያም ግን ያለ መሪ አካሉን አስባው አታውቅም። ጡረታ የወጡ ሹፌሮችን አይታለች፤ ከቤት ደጅ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ድምፅ እየሰሙ ማርሽ ሲቆጥሩ ይውላሉ።

ኤንትሬው በዋዜማው ተጭኖ አደረ፤ የመንገዱ ዕለት ጎህ ሲቀድ አካሉ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ሄደ። ፅጌ ማርያም ግቢ ስትጠርግ ከኤንትሬው አፍንጫ ሥር መሬቱ እርጥብ ሆኖ አየች። ጎንበስ ብላ ጠበቀች። ጠብ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠብ።

ብትነግረው ጉዞው ይቀራል፤ ራዲያተር ሠሪው ጋ ይሄዳል፤ ሕዝቅኤልም ይሰማል። ሕዝቅኤል ከሰማ «አላልሁም?» ይላል። የጥንቱ እንቁላል ትዝ አላት። ነገር ግን ቤቷ ውስጥ እንቁላል የለም፤ በዐቢይ ጾም በመሪጌታ ልጅ ቤት እንቁላል ምን ይሠራል? ከሱቅ እገዛለሁ ብትል ደግሞ መንደሩ ምን ይላል? ማጀት ገብታ ስታስብ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ያለውን የተልባ ጣሳ አየ። ቆልታ ወቅጣ ያስቀመጠችው የጾም ተልባ። ተልባ ውሃ ሲነካው እንደሚዝለገለግ፣ ከተተወ ደግሞ ጣሳው ላይ እንደ ሙጫ እንደሚደርቅ ማን ያጣዋል? እንቁላል ከደፈነ ተልባ የማይደፍንበት ምክንያት አልታያትም።

የራዲያተሩን ክዳን ከፍታ ሁለት ኩባያ ተልባ ጨመረችና ዘጋችው። አካሉ ተመልሶ ሞተሩን አስነሣ። ትንሽ ቆይታ አየች፤ ጠብታው ቆሟል። ነጠላዋን አጣፍታ «እኔም እሄዳለሁ፤ የአባቴን ደብር ካየሁ ዘመን የለውም» አለችና ጋቢና ወጣች።

እስከ ወረታ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። አካሉ እያዜመ ነዳ። የርብን ድልድይ አለፉ፤ አዲስ ዘመን ገብተው ሻይ ጠጡ። ፅጌ ማርያም ስለ ራሷ ብልህነት ለራሷ እየነገረች ፈገግ ትላለች።

ዳገቱን ሲጀምሩ አካሉ ዜማውን አቆመ። ዓይኑ ከመንገዱ ወደ ሙቀት መለኪያው፣ ከመለኪያው ወደ መንገዱ ይመላለስ ጀመር። መርፌዋ ቀጥ ብላ ትወጣለች። ማርሽ ቀነሰ። አሁንም ትወጣለች። ቀዩ ጋ ልትደርስ አንድ ጣት ሲቀራት ከመንገዱ ዳር ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቶ መኪናውን ወደ ነፋሱ አዙሮ አቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም።

«አቡነ ዘበሰማያት…» ብሎ ጀመረ። ፅጌ ማርያም አብራው አለች፤ ከልቧ ነበር ያለችው። ሦስተኛው ሲያልቅ መርፌዋ ጥቂት ወረደች። ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ጠፋ። ጆሮአቸውን ሰጥተው ጠበቁ። አልፈላም።

ከዚያ ውዳሴ ማርያም ደግመው ሲጨርሱ አካሉ ክዳኑን ከፈተ። ውሃው ሙሉ ነው። ራዲያተሩን ከላይ በጀርባ እጁ ነካው፤ እሳት ነው። ከታች ነካው፤ ቀዝቃዛ ነው። ደግሞ ነካው።

«ላዩ የጋለ ታቹ የቀዘቀዘ። ውሃው አይዞርም፤ ተደፍኗል» አለ። «ግን ባለፈው ወር ራሴ አጥቤዋለሁ፤ ራሴ።» የገዛ እጁን ገለጥ አድርጎ አየው። «ምን አጉድዬ ይሆን?»



እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከታች ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ጣና እንደ ተሰጣ ነጭ ሸማ ይታያል። «ፅጌ፣ ልጁ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም» አለ። «መኪናው ምንም አልሆነም። ያረጀሁ እኔ ነኝ። ያጠብሁ መስሎኝ ሳላጥብ ቀርቼ ይሆናል። ስልኩን አቀብይኝ፤ ሳይፈላ ልንገረው፤ ይሻላል።»

ስልኩ እሷ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እጇን ሰደደች፤ ያዘችውም። ግን አላወጣችውም።

«ተልባ ጨምሬበታለሁ» አለች።

«ምኑ ላይ?»

«ራዲያተሩ ላይ።»

አካሉ ቀና ብሎ አያት። «ስንት?»

«ሁለት ኩባያ።»

«የተቆላ ነው ወይስ ጥሬ?»

«የተቆላ፤ የተወቀጠ። ለምን ትጠይቃለህ?»

«እንጃ። ሌላ የምጠይቀው አጣሁ።»

«ያንጠባጥብ ነበር። እንዳይቀርብህ ብዬ ነው።»

«እሺ፣ እንቁላል አይሻልም ነበር?»

«በዐቢይ ጾም?»

«መኪናው ይጾማል እንዴ?»

«እሱ ባይጾም እኔ እጾማለሁ። በሁዳዴ የመሪጌታ ልጅ እንቁላል ይዛ ገባች ልባል?»

አካሉ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች፤ ኋላ እያየችው እሷም ያዛት። ሁለቱም ከመኪናው ጎን ተቀምጠው እስኪደክማቸው ሳቁ። እንደዚያ ከሳቁ ስንት ዘመን ሆኗቸዋል።

ከዚያ ሥራ ጀመሩ። አካሉ ከሥር ገብቶ የታችኛውን የጎማ ቱቦ ሲፈታ ውሃው አልወረደም። እንጨት ሰዶ ቢጎረጉረው ተልባው በአንድ ጊዜ እንደ ጥጃ ምላስ ተዝለግልጎ ወጣ። አህያዋን ውሃ ጭና የምታልፍ አንዲት ባላገር ሴት ቆማ አየች።

«ምን ሆኖባችሁ ነው?» አለች።

«ሆዱ ደርቆበት» አላት አካሉ ከሥር ሆኖ።

ሴትዮዋ የወጣውን በእንጨት ነካ አድርጋ አሸተተች። «ተልባ ነው እንዴ? ለሆድ ድርቀትስ መድኃኒት ነበር።»

«ለሰው ነው። ለዚህ አልተስማማውም» አለች ፅጌ ማርያም።

«አበስኩ ገበርኩ» አለች ሴትዮዋ፤ ግን አራቱንም ጄሪካን አወረደችላቸው፤ ጠጡም አጠቡም፣ ተመልሳ ለመቅዳት አልሰነፈችም። አካሉ ውሃውን ከላይ፣ ደግሞም አዙሮ ከታች ወደ ላይ እየገፋ አጠበው፤ ጥርት ብሎ እስኪወርድ። የሚያንጠባጥበውን ቀጭን ቧንቧ ፈልጎ አገኘና በፒንሳ ጨፍልቆ አጠፈው። «አንዷ ብትቀር ሌሎቹ ይሸከሙላታል» አለ።

የቀረውን መንገድ በእርጋታ ሄዱ። መርፌዋ ከመሐል ትንሽ ከፍ ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያ ግን አልወጣችም። እንፍራንዝን፣ ማክሰኚትን፣ አዘዞን አለፉ፤ ወደ ጎርጎራ ሲታጠፉ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። ደብሩ ያለው ጉብታ ላይ ነው። አካሉ የመጨረሻዋን አቀበት በአንደኛ ማርሽ፣ ኤንትሬው እያቃሰተ፣ ወጣት። ከላይ ደወል ተደወለ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ዲያቆናቱ ከበሮ ይዘው ወጡ። ፅጌ ማርያም አባቷ ሥሩ ያስተምሩበት የነበረውን ዋርካ አይታ እንባዋ መጣ።

አካሉ መኪናውን ወደ ሐይቁ አዙሮ አቆመ። ሞተሩ ይዞራል። «አቡነ…» ብሎ ሳይጨርስ ቄስ መርስዔ ኀዘን መስቀላቸውን ዘርግተው መስኮቱ ሥር ደረሱ፤ ከንፈራቸው ሲባርክ ይታያል፣ ድምፃቸው ግን በሞተሩ ጩኸት አይሰማም። መስቀል መጥቶ፣ ቡራኬ እየተሰጠ፣ ሞተር ማስጮህ ነውር ነው። አካሉ ሳያስብ ቁልፉን አዞረና ተንበርክኮ ሊሳለም ወረደ።

ቡራኬው ሳያልቅ ከውስጥ እንደ ትልቅ ድስት ተንተከተከ። ከዚያ ከቱቦው እንፋሎቱ ፉጨት እያሰማ ወጣ። እልልታው ቆመ። ዲያቆናቱ ከበሯቸውን ይዘው ወደኋላ አፈገፈጉ።

አካሉ እንደተንበረከከ ነበር። ቀና ሳይል «ፈላ» አለ።

«በእኔ መስቀል ምክንያት ነው» አሉ ቄሱ። «አይቆጠርም። ደርሰሃል አይደለም እንዴ?»

«ጭነቱ እስኪራገፍ ነው ያልነው፤ አልተራገፈም።»

«አጋጣሚ ነው፣ አካሉ።»

«ቃላችን ‹ከፈላ› ነው የሚለው። ‹ለምን ፈላ› አይልም። እርስዎው ነበሩ ምስክሩ።»

ፅጌ ማርያም ተልባውን በራሷ ላይ ልትደፋው አፏን ከፈተች። አካሉ ቀድሞ አያት። «ያንቺን እዳገቱ ላይ ጨርሰናል፤ ይኼ የእኔ ነው» አለ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልዘለላትን ሦስት ጸሎት ዛሬ ዘሏታል። ስልኩን ተቀብሎ ራሱ ደወለ። «ልጄ፣ ፈልቷል። መጥተህ ቁልፉን ውሰድ።» ሌላ ነገር አልጨመረበትም። 

ሕዝቅኤል በማግስቱ በጀልባ ሲመጣ ቆርቆሮውም ሲሚንቶውም ተራግፎ ነበር። አባቱ ከወደቡ ጠብቆ፣ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ለእንግዳ ውሃ እንደሚሰጥ ሰው ሰጠው። ሕዝቅኤል ተቀበለ። ሲመለሱ ኤንትሬውን እሱ ነዳ፤ አካሉ ዳር፣ ፅጌ ማርያም መሐል ተቀመጡ።  እስከ ማክሰኚት ድረስ የአካሉ እግር ባዶውን ወለል ይረግጣል፤ ፅጌ ማርያም ታያለች፣ ማርሽ በሚለወጥበት ቦታ ሁሉ ይረግጣል። ልጁ ሲዘገይ እሱ ቀድሞ ረግጦ ይጠብቀዋል።

ከእንፍራንዝ ወዲህ ያለውን ዳገት ሕዝቅኤል በሦስተኛ ማርሽ ሊወጣው ሞከረ። መኪናው ባዶ ቢሆንም መርፌዋ ወደ ቀዩ ወጣች። ልጁን ላብ አጠመቀው።

«አባዬ…»

«ማርሽ ቀንስ። እዚያ ሰፋ ያለው ቦታ ይታይሃል? አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙረህ አቁም።»

ሕዝቅኤል አዙሮ አቆመ። እጁ ወዲያው ወደ ቁልፉ ሮጠ። አካሉ በፅጌ ማርያም ላይ ተሻግሮ እጁን በልጁ እጅ ላይ አሳረፈ።

«ተው፣ አታጥፋው። አቡነ ዘበሰማያት በል።»

«አሁን?»

«ሦስት ጊዜ። ቸኩለህ አትበለው፤ እናትህ እንደምትለው በል።»

የሒሳቡ መምህር ጉሮሮውን ጠረገ። መጀመሪያውን ብቻውን አለው፤ አንድ ቦታ ሳተና አባቱ አረመው። ሁለተኛው ላይ እናቱ ገባች። ሦስተኛውን ሦስቱም አሉት፣ ሞተሩ በቀስታ እየዞረ፣ ከጣና የሚመጣው ነፋስ በራዲያተሩ አልፎ ጋቢናው ውስጥ እየገባ። መርፌዋ ከቀዩ ጫፍ ተመለሰች፤ ትንሽ ቆማ ደግሞ ወረደች።

ሕዝቅኤል መርፌዋን አየ፤ ከዚያ አባቱን አየ። «በየሳምንቱ ቅዳሜ ሥራ የለኝም» አለ። «አብረኸኝ ትወጣለህ?»

አካሉ ባርኔጣውን አስተካከለ። «ከጎን ተቀምጬ ነዋ?»

«ከጎን ተቀምጠህ።»

«እናትህ ተልባ እንዳትይዝ እንጂ፣ እወጣለሁ።»

ፅጌ ማርያም በክርኗ ጎሰመችው። ሕዝቅኤል ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ቆይተው ይነግሩታል። ለጊዜው ግን እጁ አሁንም ቁልፉ ላይ ነበር። «እንግዲህ ላጥፋው?» አለ።

«ለምን ታጠፋዋለህ? ቀዝቅዟል» አለ አካሉ። «በአንደኛ ጀምርና እንሂድ።»